በቢስክሌት ወጥቶ ስለ ማደር

(በተማሪዎች ማኅበር የማታ ስብሰባ ላይ የተነበበ ንግግር)



ለዛሬው ማታ የተመደበልን ርእስ «ስፖርትና ጤና» የሚል ነበር። ስለ ጤና ግን ከእኛ የበለጠ የሚያውቁ በዚህ አዳራሽ ውስጥ ስለ ተቀመጡ፥ እኛ ሦስታችን በእጃችን ስለ ነካነውና በዐይናችን ስላየነው ነገር ብቻ እንድንናገር ማኅበሩን ለመንን፤ ማኅበሩም ፈቀደልን። ነገሩም በቢስክሌት ከከተማ ወጥቶ አንድ ወይም ሁለት ሌሊት አድሮ ለመመለስ ምን ዐይነት ከረጢትና ምን ዐይነት መኝታ መያዝ እንደሚገባ ነው። ይህ ለንግግር የማይበቃ ትንሽ ነገር የሚመስለው ሰው አይጠፋም። እኛም እስከ ታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. ድረስ እንደዚያው ይመስለን ነበር።

በዚያ ወር በአንድ ቅዳሜ ከደብረ ማርቆስ ወደ ይጁቤ ወረድን። ለማታውቁት፥ ይጁቤ የባሶ ሊበን ወረዳ ከተማ ናት፤ ከደብረ ማርቆስ ወደ ደቡብ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች፤ ከእርስዋ ወዲያ አገሩ እያዘቀዘቀ ሄዶ ወደ ዓባይ ቆላ ይወርዳል። ከሦስታችን አንዱ የይጁቤ ልጅ ስለ ሆነ «መኝታ ለምን እንሸከማለን? ያገራችን ሰው የመሸበትን እንግዳ ከደጅ አይመልስም» አለን። የተናገረውም እውነት ነው። ስለዚህ ከዳቦና ከውሃ፥ ከጎማ መንፊያና ከማስቲሽ በቀር ምንም ሳንይዝ ተነሣን። ይጁቤ ደርሰን ምሳ በላን። ከዚያ በኋላ ወደ እርሱ ቤተ ሰቦች በጊዜ እንመለሳለን ብለን የዓባይን ገደል ለማየት ወደ ቆላው አቅጣጫ ነዳን። ሲመለሱ ዳገት መሆኑን ማን አሰበው? ብዙም ሳንመለስ የአንዱ የኋላ ጎማ ፈነዳ፤ ማስቲሹም አልይዝ አለ፤ ፀሐይም ጠለቀች።

ከመንገዱ ዳር ወዳለ አንድ ቤት ቀርበን «ቤቶች! የመሸብን መንገደኞች ነን» አልን። የቤቱ ጌታ ኩራዝ ይዘው ወጡ፤ ፊታችንን አንድ በአንድ አዩና «ቤት የእግዚአብሔር ነው፤ ግቡ ልጆቼ» አሉን። እግራችንን አስታጠቡን፤ እንጀራ በሽሮ ቀረበልን፤ ጠላም ተቀዳልን። የመኝታ ጊዜ በደረሰ ጊዜ መደቡን ለቀቁልን፤ ቁርበት አነጠፉልን፤ አንድ ትልቅ ባናና አንድ ጋቢ ደረቡልን። እኛም ደክሞን ስለ ነበር አመስግነን ተኛን።

ከእኩለ ሌሊት በኋላ አንዳችን ወደ ደጅ ለመውጣት ሲነሣ፥ የቤቱን ጌታ ምድጃው አጠገብ ተቀምጠው አያቸው። ሁለት ሕፃናት ልጆቻቸው በእናታቸው ነጠላ ተጠቅልለው እጉልበታቸው ሥር ተኝተዋል። እናትየውም ግድግዳውን ተደግፈው ቁጭ ብለዋል። «ምነው አባባ፥ አልተኙም?» ቢላቸው «እሳቱ እንዳይጠፋ ብዬ ነው ልጄ» አሉት። እሳቱ ግን ከጠፋ ቆይቶ ዐመድ ሆኖ ነበር። በዚያ ቤት የነበረው መኝታ ሁሉ እኛ ላይ ነበር።

በማግስቱ ገንዘብ ብንሰጣቸው ተቆጡ። የይጁቤው ጓደኛችን እስከ ደብረ ማርቆስ ድረስ አንድ ቃል አልተናገረም። እንግዲህ ስለ ከረጢትና ስለ መኝታ መመርመር የጀመርነው ከዚህ የተነሣ ነው። የባላገሩ ቤት ለእንግዳ ክፍት መሆኑን ማወቅ አንድ ነገር ነው፤ በዚያ ቤት ስንት ብርድ ልብስ እንዳለ ማወቅ ግን ሌላ ነገር ነው። መኝታውን ይዞ የሄደ እንግዳ ጥግና እሳት ብቻ ነው የሚለምነው።

የሁለተኛው ጉዞአችን በየካቲት ወር ሆነ። ያን ጊዜ ደግሞ በተቃራኒው ተሳሳትን። ለእኚያ ሰው ቤት አንድ የደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ፥ ቡናና ስኳር ገዛን፤ ለራሳችንም የመኝታ ቤቱን የስፖንጅ ፍራሽ፥ ሁለት ወፍራም ብርድ ልብስ፥ ድስት፥ ጀሪካንና መጽሐፍ ሳይቀር ጫንን። አንደኛው ቢስክሌት ላይ የተጫነው በሱቅ ሚዛን ሲመዘን 19 ኪሎ ሆነ። ፍራሹ ከላይ ስለ ታሰረ ከነጂው ትከሻ በላይ ከፍ ብሎ ይታይ ነበር። ቁልቁለት ላይ ጭነቱ ወደ ግራ ሲያጋድል ነጂው ወደ ቀኝ ሊመልሰው ሞከረ፤ ጭነቱም እሺ ብሎ ወደ ቀኝ መጣ፤ ነጂውንም ይዞት ቦይ ውስጥ ገባ። ምልክቱ እስከ ዛሬ በክርኑ ላይ ስላለ የሚጠራጠር ሰው ከስብሰባው በኋላ ሊያየው ይችላል። ብርድ ልብሱ ግን በሰላም ደረሰ። የቤቱ ጌታ «ምን ቆረጣችሁና!» ብለው እንቢ ሲሉ፥ ባለቤታቸው «ልጆቹ ይህን ሁሉ ዳገት ተሸክመው ይመለሱ ነው የምትለው?» ብለው ተቀበሉን።

አሁን ወደ ስሌቱ እንለፍ፤ የፊዚክስ መምህራችን እዚህ ስላሉ ከተሳሳትን ያርሙናል። አንድ ቀጭን ተማሪና ቢስክሌቱ አብረው 75 ኪሎ ይመዝናሉ እንበል። ቀጥ ባለ ዳገት ላይ ቢስክሌት በዝግታ ስለሚሄድ የነፋስ መቋቋም ጥቂት ነው፤ ጉልበቱ ሁሉ ለማለት ይቻላል ክብደትን ወደ ላይ ለማንሣት ይውላል። በ75 ኪሎው ላይ 19 ኪሎ ሲጨመር ክብደቱ በአንድ አራተኛ ያህል ያድጋል፤ ስለዚህ ባዶውን በ4 ሰዓት የሚወጣው ዳገት 5 ሰዓት ይፈጃል ማለት ነው። ጭነቱ ወደ 8 ኪሎ ቢወርድ ግን የሚጨመረው ጊዜ 25 ደቂቃ ያህል ብቻ ነው። በሜዳ አገር ይህ ልዩነት ብዙ ላይሰማ ይችላል። በእኛ አገር ግን ከዓባይ ድልድይ እስከ ደጀን አፋፍ ያለው ብቻ ከ1,000 ሜትር በላይ ከፍታ ነው። ቁልቁለቱም ከጭነት አያድንም፤ ክብደት በጨመረ ቍጥር ፍሬኑ ይግላል፥ ለመቆምም ረጅም ቦታ ይፈለጋል።

ታዲያ ቀላል ጭነት ከማን እንማር? ቢስክሌት ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ኢትዮጵያ በ1949 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ ስትካፈል ወደ ሜልቦርን ከተላኩት መካከል ገረመው ደንቦባና መስፍን ተስፋዬ ቢስክሌተኞች ነበሩ፤ በ2008 ዓ.ም. ደግሞ ጽጋቡ ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ ውድድር የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። የተወዳዳሪ ዕቃ ግን በመኪና ይከተለዋል። ከካይሮ ተነሥተው እስከ ደቡብ አፍሪካ ጫፍ የሚነዱ የውጭ አገር ሰዎችም በአውሮፓውያን አቈጣጠር ከ2003 ጀምሮ ለብዙ ዓመታት በዚሁ በጎጃም መንገድ ሲያልፉ አይተናል፤ በየሜዳው ድንኳን ተክለው ያድራሉ፤ ነገር ግን የእነርሱም ድንኳን በካሚዮን ነው የሚጫነው። እነዚህን ማድነቅ እንጂ ከእነርሱ ስለ ጭነት መማር አይቻልም።

ከውጭ አገር ሰዎች ለጉዳያችን የሚጠቅሙን ሁለት አግኝተናል። አንደኛው ቶማስ ስቲቨንስ የሚባል ሰው ነው። በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1884 ከሳን ፍራንሲስኮ ተነሥቶ፥ የፊት ጎማው እጅግ ትልቅ በሆነው በዚያ በጥንቱ ቢስክሌት ዓለምን ዞረ። የያዘው ካልሲ፥ አንድ ቅያሪ ሸሚዝ፥ አንድ ሽጉጥና አንድ የዝናብ ካፖርት ነበር። ካፖርቱ በዝናብ ጊዜ ልብስ፥ በሌሊት ደግሞ ድንኳንና መኝታ ይሆንለት ነበር። ሁለተኛው ቶማስ ሆልዲንግ የሚባል የሎንዶን ልብስ ሰፊ ነው። ይህ ሰው ቢስክሌት ላይ የሚጫን ቀላል ድንኳን በገዛ እጁ እየሰፋ ጓደኞቹን አስለመደ፤ በ1901ም በቢስክሌት እየሄዱ የሚያድሩ ሰዎችን ማኅበር መሠረተ። በቢስክሌት ወጥቶ የማደር ነገር በእንግሊዝ አገር የተስፋፋው በአንድ ልብስ ሰፊ አማካይነት መሆኑ በጣም ደስ አሰኘን፤ ልብስ ሰፊ በየገበያችን አለና።

ከሁለቱም በፊት ግን ልናስታውሰው የሚገባን ሦስተኛ መምህር በየመንገዱ እናገኘዋለን፤ እርሱም የቆሎ ተማሪ ነው። የጎጃም ልጅ ሆኖ ደበሎ ለብሶ፥ አኩፋዳ አንግቶ፥ ዱላ ይዞ ከአንዱ የቅኔ ቤት ወደ ሌላው የሚሄደውን ልጅ ያላየ የለም። እስቲ ዕቃውን እንቍጠር። ደበሎው ቀን ልብስ፥ ሌሊት መኝታ፥ በካፊያም ጊዜ የዝናብ ልብስ ነው። አኩፋዳው የምግብ ዕቃው ነው። ዱላው ምርኩዙም የውሻ መከላከያውም ነው። ስቲቨንስ በካፖርቱ ያገኘውን ጥበብ ይህ ልጅ ከአያት ቅድመ አያት ሲያውቀው ኖሯል። አንዱን በመንገድ አግኝተን «ደበሎህ ስንት ኪሎ ይመዝናል?» ብንለው ስቆ «የኔታ መዝኑ አላሉንም» አለን። እኛ የመረጥነው ደንብ ከእርሱ የተወሰደ ነው፤ ይኸውም ሁለት ሥራ የማይሠራ ዕቃ ሁለት ጊዜ ሳይታሰብበት አይጫን የሚል ነው። (የጎማ መንፊያ ከዚህ ውጭ ነው፤ ሥራው አንድ ብቻ ቢሆንም ያለ እርሱ የሚሆነውን አይተናል።)

አሁን ስለ ከረጢቱ እንናገር። ብዙዎቻችን የምናስበው የትምህርት ቤቱን የጀርባ ቦርሳ ነው። አይሆንም አንልም፤ ለግማሽ ቀን ይሆናል። ከዚያ በላይ ሲሆን ግን ጀርባ በላብ ይርሳል፥ ትከሻ ይታመማል፥ ክብደቱም በመቀመጫ ላይ ስለሚጨመር ከኮርቻው ጋራ ጠብ ይፈጠራል። ያን በላብ የራሰ ሸሚዝ ለብሶ የደጋን ማታ መቀበል ደግሞ ለብርድ እጅን መስጠት ነው። ከኋላ ባለው የዕቃ መጫኛ ብረት ላይ ከፍ አድርጎ ማሰርም የሚያመጣውን ነግረናችኋል።

ለዚህ ነገር አህያ የሚጭን ሰው ሊመክረን ይችላል። አህያ ሲጫን ሁለቱ ወገን እኩል መሆን አለበት፤ አንዱ ወገን ከከበደ ጭነቱ ያጋድላል፥ እንስሳይቱም ትገጠባለች። በቢስክሌትም እንደዚያው ነው። ሁለት ከረጢት በኋላው ጎማ ግራና ቀኝ ዝቅ ብሎ ይንጠልጠል፤ ዝቅ ባለ ቍጥር ቢስክሌቱ አይወዛወዝም። የእኛን ከረጢቶች አንድ ገበያ ላይ የሚሰፋ ልብስ ሰፊ ከሸራና ከማዳበሪያ ጆንያ ሰፋልን። ሲሰፋልን ሁለት ጊዜ አበላሽተናል፤ እናንተ ደግማችሁ እንዳታበላሹ እንንገራችሁ። በመጀመሪያው ጊዜ ከረጢቱ አራት ማዕዘን ስለ ነበር ፔዳል ስንመታ ተረከዛችን እየጋጨው አስቸገረን፤ ስለዚህ የፊት ጠርዙ ከታች ወደ ኋላ ሸሸት ብሎ መቆረጥ አለበት። በሁለተኛው ጊዜ ከረጢቱ ለስላሳ ስለ ነበር ወደ ጎማው ሽቦ እየገባ ተቀደደ፤ ስለዚህ ወደ ጎማው በኩል ባለው ፊቱ ውስጥ ስስ ጣውላ ወይም ጠንካራ ካርቶን ይግባበት። ከታች በኩል ደግሞ ከአሮጌ ካላማዳሪያ በተቆረጠ ጎማ ከብረቱ ጋራ ካልታሰረ ኮረኮንች ላይ እንደ ጫጩት ይዘላል። አፉ ላይ ዚፕ አታስደርጉ። ዚፕ አቧራ ሲገባበት ይቆማል፥ ውሃም ያስገባል። አፉን ረዘም አስደርጎ ሦስት ጊዜ ጠቅልሎ ማሰር ይሻላል።

ስለ ማዳበሪያ ጆንያ ጥቂት እንጨምር፤ ምክንያቱም ያሾፉብን ሰዎች ነበሩ። ባዶው 100 ግራም ያህል ብቻ ይመዝናል፤ 50 ኪሎ ተሸክሞ ከወደብ እስከ ይጁቤ የመጣ ነገር የእኛን ልብስ መሸከም አያቅተውም። ጉድለቱ ሁለት ነው። አንደኛ፥ ፀሐይ ላይ ብዙ ከሰነበተ ክሩ እየተፈረፈረ ስለሚሄድ አዲስ መለወጥ ያስፈልጋል። ሁለተኛ፥ ሽምኑ ውሃ ስለሚያስገባ ልብሱን አስቀድሞ በላስቲክ ከረጢት ማሰር ግድ ነው። በሱቅ የሚሸጡት የውጭ አገር ከረጢቶች ውሃ የማያስገቡና ውብ ናቸው፤ ነገር ግን ዋጋቸውን ስንሰማ የወር ቀለባችንን አሰብን። ከባድ ዕቃ፥ ማለት ውሃና መፍቻ፥ በቢስክሌቱ ብረት ሦስት ማዕዘን መካከል ይታሰር፤ መኝታ ግን ሰፊ እንጂ ከባድ ስላልሆነ ተጠቅልሎ መሪው ላይ ሊታሰር ይችላል፤ የፍሬኑን ሽቦ እንዳይጫነው ብቻ ይጠንቀቁ።

ወደ መኝታው ስንመጣ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት አንድ ነገር አለ፤ ከላይ የሚለብሰውን ያስባል፥ ከታች የሚያነጥፈውን ይረሳል። እኛን የሚያሞቀን ልብሱ ራሱ ሳይሆን በልብሱ ክርና ድርብ መካከል የታሰረው አየር ነው። የሰው ሰውነት ሲተኛ ከበታቹ ያለውን ልብስ ስለሚጨፈልቀው አየሩ ይወጣል፤ ያን ጊዜ ቀዝቃዛው መሬት ሙቀትን በቀጥታ ይስባል። ይህን ለማረጋገጥ በኅዳር ወር በግቢያችን ሣር ላይ አደርን። ሁለታችን ሁለት እኩል ጋቢ ለበስን፤ አንዱ በሸራ ላይ ብቻ ተኛ፥ ሌላው ጭድ በሞላ ጆንያ ላይ። ሦስተኛው ሰዓት ይዞ ጻፈ። ሸራው ላይ የተኛው ከእኩለ ሌሊት በፊት ተነሥቶ መዝለል ጀመረ፤ ጭድ ላይ የተኛው እስኪነጋ አልተነሣም። በማግስቱ ሌሊት ቦታ ተለዋወጥን፤ ውጤቱ ያው ሆነ። የግቢው ዘበኛ በባትሪ እያበሩ መጥተው «አልጋ እያላችሁ ሜዳ ላይ የምትተኙት ምን ቸግሯችሁ ነው?» አሉን። ለምርምር ነው ብንላቸው ራሳቸውን ነቅንቀው ሄዱ፤ ጥቂት ቆይተው ግን ተመልሰው «ጭዱን ጨምሩበት፥ ቀጥኗል» ብለው መከሩን።

ስለዚህ ከሁሉ የሚቀለው ፍራሽ ባዶ ጆንያ ነው። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት በጎጃም አውድማ ሁሉ የጤፍ ጭድ አለ፤ ባለቤቱን ለምኖ ጆንያን መሙላት፥ ጧትም ጭዱን ወዳነሡበት መመለስ ነው። ከቤት ተሸክሞ የሚሄደው 100 ግራም ብቻ ነው። በሌላው ወራት ግን አጎዛ ይሻላል። የበግ ፀጉር እንደ ስፖንጅ ፈጽሞ አይጨፈለቅም፤ ነገር ግን የእኛው አጎዛ 1 ኪሎ ከ200 ግራም ሆነብን። ተጠቅልሎ የሚታሰረው ቀጭኑ የስፖርት ምንጣፍ ደግሞ ከዚያ ግማሽ እንኳ አይመዝንም፤ ሰፊ ስለ ሆነ ግን ነፋስ ይይዛል።

ከላይ ለሚለበሰው አራት ዐይነት ነገር አወዳድረናል። ጋቢ ከጥጥ ስለ ተሠራና ድርብ ስለ ሆነ ደረቅ ሳለ በጣም ይሞቃል፤ ጥጥ ግን ውሃ ይጠጣል፥ ከጠጣም በኋላ ቶሎ አይደርቅም። ባናና ሌላውም የበግ ፀጉር ልብስ ቢርስ እንኳ ጥቂት ሙቀት አያጣም፤ ክብደቱ ግን ለአህያ እንጂ ለቢስክሌት አይደለም። ስሊፒንግ ባግ የሚባለው የመኝታ ከረጢት ሁለት ዐይነት ነው። በሰው ሠራሽ ጭረት የተሞላው እርጥበትን ይችላል፥ ሲጠቀለል ግን ትልቅ ይሆናል። በዝይ ወይም በዳክዬ ለስላሳ የውስጥ ላባ የተሞላው ለክብደቱ ከሁሉ የበለጠ ይሞቃል፤ ተጨምቆም እንደ ትልቅ ዳቦ ያህል ይሆናል፤ ላባው ከራሰ ግን ተጣብቆ ጥቅም የሌለው ነገር ይሆናል፥ ዋጋውም ከሁሉ ይበልጣል። ከአንድ መምህር ተውሰን ሞክረነዋል፤ ስንመልስለት አዘንን።

እኛ የያዝነው መንገድ ይህ ነው። አንድ ጋቢ ለሁለት አጥፈን ግርጌውንና አንድ ጎኑን እስከ ደረት ድረስ በሰፊ ስፌት ሰፋነው። ክብደቱ ያው 1 ኪሎ ከ800 ግራም ነው፤ ነፋስ የሚገባበት ቀዳዳ ስለ ተዘጋ ግን ሙቀቱ እንደ ቀድሞው አይደለም። ጧት ስፌቱን ፈትቶ ወደ ቤተ ክርስቲያን ወይም ወደ ለቅሶ ቤት ለብሶት ለመሄድ ስለሚቻልም የቆሎ ተማሪውን ደንብ ይጠብቃል። በውስጡ ሹራብ፥ የሹራብ ቆብና ለመኝታ ብቻ የተቀመጠ ደረቅ ካልሲ መልበስ ነው። ቀን የተለበሰ ካልሲ ደረቅ ቢመስልም ላብ አለበት። ደግሞም ባዶ ሆድ አይሞቅም፤ ከመኝታ በፊት በሶ በጥብጦ መጠጣት ከአንድ ብርድ ልብስ አያንስም።

በላስቲክ መጠቅለልን የሚያስብ ሰው ካለ ግን ይህን ይስማ። ከእኛ አንዱ «ነፋስ የማያስገባ ነገር ካለ ላስቲክ ነው» ብሎ አንድ ሌሊት ጋቢውን ከነራሱ በትልቅ ላስቲክ ጠቀለለው። ሰው ተኝቶም ሳለ ከቆዳውና ከትንፋሹ እርጥበት ይወጣል፤ እርጥበቱም ቀዝቃዛው ላስቲክ ላይ ሲደርስ ውሃ ይሆናል። ከንጋቱ በፊት ጋቢው እንደ ታጠበ ልብስ ሆኖ አገኘው። ጣቱን ማጠፍ እስኪያቅተው ድረስ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ንግግሩም ተንተባተበ። ልብሱን ገፈን በመካከላችን አስተኛነው፤ ሙቅ ሻይም አጠጣነው፤ ፀሐይ ከወጣች በኋላ ነው ደኅና የሆነው። ይህ የሆነው ከዩኒቨርሲቲያችን አጥር ውስጥ ስለ ነበር በቀልድ አለፈ፤ ሰው በሌለበት በረሃ ቢሆን ኖሮ ምን እንደምንናገር አናውቅም። ላስቲክ ከመሬት በላይ ከጭዱ በታች ይነጠፍ፤ ዝናብ ከመጣም ከፍ ብሎ እንደ ዳስ ይወጠር እንጂ ሰውነት ላይ አይጠቅለል።

ቦታ መምረጥም እንደ ዕቃ ነው፥ ክብደት ግን የለውም። ሰማዩ በጠራ ሌሊት መሬትም ልብስም ሙቀታቸውን ወደ ሰማይ ስለሚለቁ ጤዛና ውርጭ ይወርዳል፤ ከዛፍ ወይም ከቤት ክፈፍ ሥር የተኛ ሰው ይህ ይቀልለታል። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለ ሆነ ወደ ጎድጓዳው ይወርዳል፤ ስለዚህ ከወንዝ ዳር ሜዳ ይልቅ ጥቂት ከፍ ያለ ጥግ ይመረጣል። ከይጁቤ ወደ ዓባይ ለሚወርድ ግን ይህ ሁሉ ይገለበጣል። በቆላው ብርድ ሳይሆን ወባ ነው የሚፈራው፤ በዚያ አጎበርና አንድ ነጠላ ይበቃሉ። ለሁለቱም አገር እዘጋጃለሁ ብሎ ሁለቱንም የጫነ ሰው ዳገቱን ሲመለስ ይጸጸታል። የት እንደሚያድሩ ወስኖ መነሣት ነው። ከተማ ውስጥ አልጋ ተከራይቶ ለሚያድርማ ነጠላውም አያስፈልገውም።

ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ የመንገዱ ነገር እንዴት እንደ ሆነ ሁላችሁም ስለምታውቁ አናብራራም። ከዚያ ወዲህ ወደ ይጁቤ በቢስክሌት አልወረድንም። ይህን ንግግር ሰምቶ ነገ ጧት የሚነሣ ሰው እንዲኖርም አንፈልግም፤ ከሾፌሮችና ከአገሩ ሰዎች ሳይጠይቁ መንገድ መጀመር አይገባም። ያን የቤት ጌታና ልጆቻቸውን በየጊዜው እናስባቸዋለን። የይጁቤው ጓደኛችን በስልክ ያገር ሰው ሲያገኝ አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ እርሳቸው ነው፤ ደኅና ናቸው ብለውታል። መንገዱ ሲከፈት መጀመሪያ የምንሄደው ወደዚያው ነው፤ በዚያን ጊዜ እንደ ፊተኛው መደቡን እንዲለቁልን አናደርግም።

እስከዚያው የሰፋናቸውን ከረጢቶችና የተሰፋውን ጋቢ ለማየት ለሚፈልግ እዚህ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠናቸዋል። የአንድ ሰው ሙሉ ጭነት፥ ማለት ጋቢው፥ ባዶው ጆንያ፥ ላስቲኩ፥ ሁለቱ ከረጢቶች፥ ሹራብና ካልሲ፥ አንድ ኪሎ በሶ፥ መፍቻና የጎማ መንፊያ፥ ሁለት ሊትር ውሃም ጭምር 7 ኪሎ ከ800 ግራም ነው። ያላመነ መዝኖ ማየት ይችላል፤ ሚዛኑ ግን ከሱቅ በውሰት የመጣ ስለ ሆነ ከምሽቱ 3 ሰዓት በፊት መመለስ አለብን።